ዘጠኝ ሎሚ

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በማተሚያ ቤት፣
ቀይ እስክሪብቶ ይዤ የሰው ስሕተት ሳርም
ኖሬ፣ ጡረታ ወጣሁ። እጄ ግን አልወጣም፤
ከሎሚዬ ግንድ ሥር የሚያቆጠቁጠውን፣
ሽቅብ የሚጣደፈውን፣ እሾሁ የረዘመውን፣
ፍሬ የማይሰጠውን፣
“ይኼ ትርፍ ቃል ነው” እያልኩ እሰርዛለሁ አሁንም።

ያኔ አራት ኪሎ ነበርን፣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ፣
አሥራ አንድ ቤተሰብ በአንድ በር የሚገባ፣
አንድ ቧንቧ፣ አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ሽንት ቤት፤
ሎሚዋም አንድ፣ በግማሽ በርሜል፣ ከአጥሩ ጥግ ካለው ሙቀት።
ማን እንደተከላት እስከ ዛሬ ክርክር ነው።
ጋሽ ሀብተየስ፣ “ፍሬውን የተፋሁት እኔ ነኝ” ሲል፣
ሙሉመቤት፣ “የተፋ ሁሉ አባት ከተባለማ...”
ትላለች፤ አትጨርሰው።

ምክር እንደሆነ ሞልቷል፦
“አመድ አድርጊባት” “ኧረ አመድ ያቃጥላል!”
“የሥጋ እጣቢ” “የእንቁላል ቅርፊት”
“ሚስማር ምቺባት፣ ደንግጣ ታፈራለች።”
ይኼን ያለው ደምሰው ነው፣ ዘበኛው። ብሎም አልቀረ፣ መታባት።
እኔ የማውቀው ጥቂት ነው፦ ፀሐይ አለመንፈግ፣
ወርዶ የሚያልፍ እንጂ የሚተኛ ውኃ አለመስጠት፣
ጉንዳን ሲመላለስ ቅጠሉን ገልብጦ ማየት።
ከጀርባው የምትለጠፍ ተባይ አለች፣ ቡናማ፣
ከነጥብ የማትበልጥ፣ አራሚ ብቻ የሚያያት፤
በሳሙና ውኃ፣ በጨርቅ፣
ቅጠል በቅጠል፣ እሑድ ጧት።

ከዚያ ግንቡ ላይ ምልክት ተደረገ፣ በቀይ ቀለም።
ቀይ ቀለም አውቃለሁ። “ይውጣ” ማለት ነው፤
ትርጉም አያስፈልገውም።
አንዱ ገላን፣ አንዱ ቂሊንጦ፣ አንዱ አራብሳ፤
እኔ ልደታ ደረሰኝ፣ አራተኛ ፎቅ፣ በደረጃ።
“ሎሚዋስ?” ተባለና በደምሰው ቆብ ዕጣ ተጣለ።
ለእኔ ወጣ። በኋላ ቆቡን ብገለብጥ
አሥራ አንዱም ወረቀት ላይ የእኔ ስም አለ፦
“ፅጌ” ይላል፣ በፀሐዩ ፀ።
እኔ በጸሎቱ ጸ ነኝ።
አላረምኩትም።

አራት ወዛደር ተሸከማት፣ እየተወጋ፣ እየተራገመ፤
አንዱ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ላቡን እየጠረገ ቆመ፣
“እማማ፣ ሎሚ ገበያ ላይ የለም?” አለኝ።
መልስ አልነበረኝም፤ ውኃ ሰጠሁት።
ቅጠሏ ባንድ ሳምንት ረገፈ።
ክረምቱም እንጨት ስጠብቅ አለፈ።
ጎረቤቴ፣ “ለማገዶ ትሁንሽ” ስትለኝ
በጥፍሬ ልጧን ጫር አደረግሁት፤
ከሥሩ አረንጓዴ።
ማንም አልሰማም እንጂ ጮህኩ አንዴ።

ለጥቅምት አበበች። ሽታዋ ኮሪደሩን አልፎ
ከታች ካለው ጠጋኝ ቤት ደረሰ።
አራተኛ ፎቅ የሚወጣ ንብ ግን ጠፋ፤
መነጽሬን አድርጌ፣ በዶሮ ላባ፣
ከአበባ አበባ ሥራውን እኔ ሠራሁት፤
ነጥብ እንደማኖር፣ ቀስ ብዬ።

ዘጠኝ።
ቆጠርኩ፣ ደገምኩ (ልማድ ነው)፣ ዘጠኝ።
“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” ይላል ተረቱ፤
ዘጠኝ ለአሥራ አንድ ምን እንደሚሆን አልነገረኝ።
ስልክ አነሳሁ።
ሙሉመቤት ሳል ይዟት ኖሮ፣ “ለእኔ ሁለት!” አለች።
የጋሽ ሀብተየስን ልጁ አነሳች፤
ስለ ሎሚ ሳወራ ዝም ብላ ሰማችኝና፣
“አርባው ያለፈው ሐሙስ ነበር” አለችኝ።
ለእሷም አንድ ያዝኩላት። ፍሬውን የተፋው አባቷ ነው፤
ክርክሩን ለእሱ ፈረድኩለት።
የደምሰው ስልክ፦
“የደወሉላቸውን ደንበኛ በአሁኑ ሰዓት ማግኘት አይችሉም።”

ስምንቱን በፌስታል ይዤ፣ ሦስት አውቶቡስ ቀያይሬ አደረስኩ።
አንዱን ዛፉ ላይ ተውኩት፣ ከሚስማሩ በላይ።
ልጡ ሚስማሩን ውጦታል፤ በዓይን አይታይም፣
ጣቴን ሳሳልፍ ብቻ ይጎረብጠኛል።
ሎሚው ቢጫ ሆነ፣ ከቢጫም አለፈ።
እሑድ እሑድ ቅጠሏን አብሼ ስጨርስ እደውላለሁ።
ያችው ሴትዮ ታነሳለች።